መልስ፦ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የላብራቶሪ ማሽን ይገዛል?

ሰላም ወንድሜ። «ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ፕሮጀክት ልናስገባ ነው፤ የማሽን መግዣ ይሰጡናል ወይ?» ላልከው፣ ይሰጣሉ፤ ሙሉውን ግን አይደለም።

ሆራይዘን ዩሮፕ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ድጋፍ ፕሮግራም (ከ2021 እስከ 2027 እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ ተቋማትም ገንዘብ ይሰጣል። በጋራ ፕሮጀክቶች ላይ ግን ከሦስት የተለያዩ የኅብረቱ አባል ወይም ተባባሪ (አባል ሳይሆኑ በስምምነት ፕሮግራሙን የተቀላቀሉ) አገሮች ቢያንስ ሦስት ተቋማት መኖር አለባቸው፤ አንዱ የግድ ከአባል አገር። እናንተ በነሱ ላይ ነው የምትጨመሩት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ዕቃው ላይ ነው። ጥሪው (ፕሮፖዛል አስገቡ የሚለው ማስታወቂያ) ሙሉ ዋጋውን እከፍላለሁ ካላለ፣ በአብዛኛው የሚሸፈነው የእርጅና ቅናሹ፣ ማለትም ማሽኑ በፕሮጀክቱ ዘመን ሲያገለግል ከዋጋው የሚቀንሰው፣ ብቻ ነው። 100,000 ዩሮ የሚያወጣና 5 ዓመት የሚያገለግል ማሽን እንበል። ፕሮጀክቱ 3 ዓመት ቢሆንና ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሱ ብቻ ቢውል፣ የምታገኙት 60,000 ነው። ለሌላ ሥራም ካዋላችሁት ይቀንሳል። ቀሪውን የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ሳይገባ ፋይናንስ ክፍላችሁን አናግሩ። ጥገናውን፣ መለዋወጫውንና መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠውን ዩፒኤስም አስቡበት። አንዲት መለዋወጫ ጠፍታ ጨርቅ ለብሶ የቆመ ማሽን ሳይ አንጀቴ ያርራል። በዓመት ጥቂት ናሙና ብቻ ከሆነ የምትመረምሩት፣ ማሽኑ ካለው አጋር ዘንድ አስመርምሩና በጀቱን ለተማሪዎቻችሁ ሥልጠና አውሉት።