ሐኪም ሳይሆኑ በሥነ ሕይወት መሥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የምኖር የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከትምህርቶች ሁሉ ሥነ ሕይወትን አብልጬ እወዳለሁ፤ ሐኪም የመሆን ፍላጎት ግን የለኝም። አባቴ «ሐኪም ካልሆንሽ መሐንዲስ ሁኚ» ይሉኛል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሙያ አለ?

መልስ፦ አለ። ለሰውነት የሚስማሙ ቁሶችን የሚያጠናው የምህንድስና ዘርፍ ያለ ሥነ ሕይወት አይሆንም፤ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያም ሆነ በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋው የቀዶ ጥገና ክር የዚህ ሙያ ሥራዎች ናቸው።

ሙያው ምን ዓይነት አስተውሎት እንደሚጠይቅ የዐይን ሌንስ ታሪክ በደንብ ያሳያል። እንግሊዛዊው የዐይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ከተዋጊ አውሮፕላን መከለያ የተፈነጠረ ስባሪ ዐይናቸው ውስጥ ቢቀርም ዐይኑ እንደማይቆጣ አስተዋለ። መከለያው ፐርስፔክስ ከተባለ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። ሪድሊ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1949 ለንደን ውስጥ ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ የዐይን ሞራ ላለባት ሴት ተከለላት። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ለረጅም ጊዜ ቢቃወሙትም፣ ዛሬ በሞራ ለታወሩ ሰዎች ብርሃናቸውን የሚመልሰው ሕክምና መነሻው ይኸው ነው። ፕላስቲኩ አስቀድሞ የነበረ ነው፤ አዲሱ ነገር ሰውነት ለቁሱ የሚሰጠውን ምላሽ ማንበቡ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥናት እዚያው መንዝ ልትጀምሪው ትችያለሽ። የበግ ጠጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ በቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ በሙቅ ውኃ ርሶ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ልብሱ ይጠብቃል፣ ይወፍራል። ጠጉር ሲቃጠል የሚሸተው ደግሞ ኬራቲን በተባለው ፕሮቲኑ ውስጥ ድኝ ስላለ ነው፤ ጠጉሩን የሚያጠነክረውም በድኝ አተሞች መካከል ያለው ትስስር ነው። ባና የሚለብስ አገር ልጅ ይህን ማወቅ ይገባታል ብለን እናምናለን።

ትምህርቱን በተመለከተ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምህንድስናንም (ምህንድስናን ለሕክምና የሚያውለውን ዘርፍ) የቁሳቁስ ምህንድስናንም ያስተምራል፤ የኋለኛው በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። አገራችን በሰውነት የሚተከሉ ቁሶችን በአብዛኛው ከውጭ ስለምታስገባ፣ ተመራቂዎች እነዚህን ቁሶች ከመሥራት ይልቅ በሆስፒታል መሣሪያዎች ጥገና፣ በመድኃኒት፣ በቆዳና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ወይም በመምህርነት ሊሠሩ እንደሚችሉ ለአባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ለፈተናው ስትዘጋጂ ኬሚስትሪን ከሥነ ሕይወት እኩል አጥኚ፤ ሒሳብና ፊዚክስንም ወደ ኋላ አትበይ፤ ምህንድስናው የሚገባው በእነርሱ በኩል ነውና።