ከአፍንጫው ነጭ ዱቄት የሚረግፍ አውሮፕላን

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ዕድሜውን በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ሠርቶ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈ። በትርፍ ጊዜው የገጣጠማቸው ሃያ ስድስት የፕላስቲክ አውሮፕላኖች ሳሎናችን ባለው ቡፌ ውስጥ ተደርድረዋል። አሁን ወደ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ስለሆነ ቦታ የለንም። ታላቅ ወንድሜ ያረጀ ፕላስቲክ ነው፣ ይጣል ይላል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ደግሞ ሊጫወትባቸው ይለምነኛል። እኔ አጥቤና ቀለማቸውን አድሼ ላስቀምጣቸው አስቤ ነበር። አንደኛው፣ ቦይንግ 727፣ አፍንጫው ተሰንጥቆ ነጭ ዱቄት ይረግፍበታል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እጥበቱንም ቀለሙንም ለጊዜው ይተዉትና ያንን 727 ዛሬውኑ ልጅዎ ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። ከላኩልኝ ፎቶግራፍ እንደማየው ዱቄቱ አቧራ ወይም የፕላስቲክ ፍርፋሪ አይመስልም። የተበላ እርሳስ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እርሳስ የምለው ጎሚስታ የመኪና ጎማ ሚዛን የሚያስተካክልበትን ከባዱን ብረት ነው።

እርሳስ እዚያ ምን ይሠራል ካሉኝ፣ 727 የሚቆመው በአፍንጫው ሥር ባለው አንድ እግርና ከክንፎቹ ሥር ባሉት ሁለት እግሮች ነው፤ ሦስቱም ሞተሮቹ ጭራው ዘንድ ናቸው። ሞዴሉ ሲሠራ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ በጭራው ይቀመጣል። ስለዚህ ሠሪው የአካሉን ግራና ቀኝ ግማሽ ከመግጠሙ በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት ይጨምራል። በአባትዎ ዘመን በቀላሉ የሚገኘው የዓሣ ማጥመጃ ወይም የጎማ ሚዛን እርሳስ ነበር፤ እንዳይንቀጫቀጭም ብዙዎች በነጩ የእንጨት ኮላ ያጣብቁት ነበር። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኮላው ባረጀ ቁጥር ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ይተነፍሳል። በተዘጋው አፍንጫ ውስጥ የታፈነው አሲድ እርሳሱን ይበላዋል፤ የተበላው እርሳስ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ከቀድሞው እርሳስ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ እያበጠ ፕላስቲኩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የመርከብ ሞዴል የሚጠብቁ የሙዚየም ባለሙያዎች ይህን ጉዳት በደንብ ያውቁታል። ከእርሳስ የተቀረጹ ጥቃቅን የመርከብ ዕቃዎች በኦክ እንጨት ሣጥን ውስጥ ተዘግተው ሲቆዩ ዱቄት ሆነው ተገኝተዋል፤ እንጨቱም ያንኑ አሲድ ይተነፍሳልና። የእርስዎ ቡፌ የቺፑድ ከሆነ በሩን በየጊዜው እየከፈቱ ያናፍሱት።

ዱቄቱ መርዛማ ነው። በደረቁ አይጥረጉት፣ እፍም አይበሉት። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው፣ በረጠበ ወረቀት እያነሡ በላስቲክ ከረጢት ያስሩት። ከዚያ ስንጥቁን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለው ያስፉት። ግራና ቀኙ በሞዴል ማጣበቂያ ከተገጠመ ፕላስቲኩ ቀልጦ አንድ ሆኗልና በጉልበት አይላቀቅም፤ እብጠቱ በከፈተው መንገድ ብቻ ይሂዱ። ክፍተቱ ካልበቃ የፊት ጎማው በሚገባበት ጉድጓድ በኩል በትንሽ የእጅ መሰርሰሪያ ይብሱት፤ ቀዳዳው ከላይ አይታይም። እርሳሱን በወረንጦ ይልቀሙ፣ ውስጡን በረጠበ የጆሮ ጥጥ ደጋግመው ይጥረጉ፣ ሁለት ቀን ያድርቁት።

እኔ በምትኩ የማስገባው የአሮጌ ኩሽኔታ ኳሶችን ነው። ብረቱ ከእርሳስ ስለሚቀል ያንኑ ክብደት ለማግኘት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ቦታ ይጠይቃል፤ የ727 አፍንጫ ግን ሰፊ ነው። ማጣበቂያው ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው ኢፖክሲ ይሁን። በአንድ ጊዜ ብዙ አያፍስሱ፤ ኢፖክሲ ሲጠነክር ይሞቃል፣ ሲበዛም ሙቀቱ ቀጭኑን ፕላስቲክ ያጣምመዋል። ሦስት አራት ኳስ ያስገቡ፣ እስኪጠነክር ይጠብቁ፣ እንደገና ይጨምሩ። ከመዝጋትዎ በፊት አውሮፕላኑን በእግሮቹ አቁመው አፍንጫው መሬት መያዙን ያረጋግጡ። ከተዘጋ በኋላ ጎደለ ማለት ሥራውን ሁሉ መድገም ነው።

የቀሩት ሃያ አምስቱስ? አንድ ጠንካራ ማግኔት ይያዙና የእያንዳንዱን አፍንጫ ከውጭ ይንኩበት። የሚስብ ከሆነ አባትዎ ብሎን ወይም ሌላ ብረት ተጠቅመዋል ማለት ነውና አይንኩት። ሳይስብ ከፊቱ ከከበደዎት ግን ይጠርጥሩት፤ መገጣጠሚያውን በየጥቂት ወሩ ይመልከቱት። ዲሲ 3 ላይ ይህን መፈለግ አያስፈልግዎትም። ዲሲ 3 ሲሠራም በጭራው ጎማ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ የሚያነሣ አውሮፕላን ነው።

ያንን ዲሲ 3 ካነሣሁ አይቀር፣ በፎቶግራፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ተመልክቼዋለሁ። በጭራው ላይ ያሉት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለሞች በብሩሽ የተቀቡ ናቸው፤ ቢጫው ወደ ቀዩ በፀጉር ስፋት ያህል አልፏል። ከጎኑ ያሉት የመዝገብ ፊደላት መጀመሪያቸው ቀጥ ያለ ነው፣ መጨረሻቸው ትንሽ ወደታች ያዘነብላል። በካርቶን ከሚሸጡት ሞዴሎች ጋር የሚመጣው ተለጣፊ ምልክት ብዙውን ጊዜ የውጭ አየር መንገዶች ነው። አባትዎ የእኛን አየር መንገድ ምልክት ያለ ተለጣፊ፣ በእጃቸው ጽፈውታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዚሁ የዲሲ 3 ወታደራዊ ወንድም በሆነው ሲ 47 ነበር። አንድ የጥገና ባለሙያ ይህንን አውሮፕላን መርጦ በእጁ ሲጽፍበት ምን እያሰበ እንደነበር እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

ስለዚህ ቀለም አያድሱ። ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አዲስ ቀለም የተቀባ ሞዴል የእርስዎ ወይም የቀቢው ሥራ ይሆናል፤ ያች ያዘነበለች ፊደል ከሥሩ ትቀበራለች፣ ተመልሳም አትገኝም። ነጩ ቀለም ቢጫ ቢልም ይተዉት። ላንጣው ብለው ፀሐይ ላይም አያውጡት፤ ፀሐይ ምልክቶቹን ያደበዝዛል፣ የመኪና ውስጥ ሙቀት ደግሞ ክንፍ ያጎብጣል።

ማጽዳት ግን ይቻላል፣ ያስፈልጋልም። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ሳሎን የተቀመጠ ዕቃ አቧራው ቅባት ስላለው በብሩሽ ብቻ አይለቅም። መጀመሪያ ለስላሳ የፊት መኳኳያ ብሩሽ ይዘው ከአፍንጫ ወደ ጭራ ይጥረጉ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው የጆሮ ጥጥ ይንከሩ፣ በደንብ ይጭመቁት፣ ከክንፉ ሥር በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ጥጡ ላይ ቀለም ካልመጣ ይቀጥሉ። ተለጣፊ ምልክት ባለበት ቦታ ጥጡን አይፈትጉት፤ በላዩ ላይ ያንከባልሉት። ምልክቱ ሲሠራ በውኃ የተለጠፈ ስለሆነ፣ ቫርኒሽ ካልተቀባበት ዛሬም ውኃ ሊያነሣው ይችላል። ምራቅም ጥሩ ነው። የሥዕል ጥገና ባለሙያዎች ሳይቀሩ በምራቅ የራሰ ጥጥ ይጠቀማሉ፤ ለመስኮቶቹና ለጥቃቅን ቦታዎች እኔም ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከቤት ይውጡ። ሁለቱም ፕላስቲኩን ያቀልጡታል። አልኮልም እንደ ቦታው ነው። እኔ የምተዳደርበት ሥራ ለሕንፃ ነዳፊዎች ሞዴል መሥራት ነው፤ ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ አዛውንት አርክቴክት የወጣትነት ሥራቸውን ፕሌክሲግላስ ከሚባለው መስተዋት መሰል ፕላስቲክ ከተሠራው ክዳኑ ጋር አምጥተው አደራ ሰጡኝ። ክዳኑን ይበልጥ ላጥራው ብዬ በአልኮል ወለወልኩት። ጠርዞቹ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ዓይኔ እያየ ተዘረጉ። ሰውየው ምንም አላሉኝም፤ ክዳኑን በጣታቸው ዳሰሱትና ሞዴሉን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕሌክሲግላስ በሳሙና ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ካልሆነ አልነካም።

የወለቁ ክፍሎች ካሉ በሱፐር ግሉ ለመመለስ አይቸኩሉ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚለቀው ትነት ብርሃን አሳላፊውን መስኮት ጉም ያለብሰዋል። ለመስኮት የሚበጀው ያው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው፤ ደርቆ ጥርት ይላል፣ ካልወደዱትም በውኃ ይለቃል። እርሳስ አጠገብ አይድረስ እንጂ ለዚህ ሥራ ወዳጅ ነው። በሱፐር ግሉ ተጣብቆ የተንጋደደ ክፍል ካገኙ ሞዴሉን በላስቲክ ጠቅልለው ለጥቂት ሰዓታት ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት፤ ማጣበቂያው በብርድ ስለሚሰባበር በትንሽ ግፊት ይለቃል። ጎማ መሰል ላስቲክ ያላቸው የመኪና ሞዴሎችም ካሉ ቸል አይበሉ፤ ከላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻ የፕላስቲኩን ቸርኬ ያቀልጠዋል። አውልቀው በመካከላቸው ቀጭን የአልሙኒየም ፎይል ያድርጉ።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ። ሃያ ስድስቱን ሁሉ ማቆየት ግዴታ የለብዎትም። ይህ ሙያ በተስፋፋባቸው በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በጃፓን የሞዴል ሠሪ መደርደሪያ ሲሞላ አሮጌው ሥራ ይወርዳል። አንዱ በካርቶን ታሽጎ ይቀመጣል፣ አንዱ ለወዳጅ ይሰጣል፣ አንዱ አዲስ ቀለም መሞከሪያ ይሆናል። የተሰበረው ይፈታና ጎማው፣ ፕሮፔለሩ፣ መስኮቱ በመለዋወጫ ሣጥን ውስጥ ለሌላ ሥራ ይጠበቃል። የጥገና ባለሙያ የነበሩት አባትዎ ይህንን የመጨረሻውን የሚቃወሙ አይመስለኝም።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። የአባትዎ እጅ በግልጽ የሚታይባቸውን፣ ማለትም በእጅ የተጻፈባቸውን፣ ከካርቶኑ መመሪያ የወጡበትን፣ ራሳቸው የጠገኑትን አውሮፕላን የሚመስለውን፣ አምስት ወይም ስድስት ያህል ለይተው ያስቀሩ። ተራ በሆኑትና በተሰበሩት ላይ ልጅዎ ይማርባቸው። መጫወቻ አድርገው አይስጡት፤ የዚያ ዘመን ቀለሞች እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ታናናሾች ካሉ ወደ አፋቸው እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንዱን ይፈታ፣ ይጠብ፣ ይግጠም፤ ቀለም መቀባት ያማረው ከሆነም በዚህኛው ላይ ይቀባ። ለአዲስ ቀለም ማዘጋጀት በሸካራው የብርጭቆ ወረቀት አይሆንም፤ በጣም ደቃቁን በውኃ እያራሱ ይጠቀሙ።

የቀሩትን ለአቪዬሽን ማሠልጠኛ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሙዚየም መስጠት ይቻላል። ተሸክመው ከመሄድዎ በፊት የእያንዳንዱን ፎቶግራፍና ዝርዝር ያሳዩ፤ ለዕይታ ይቀርባል ወይስ መጋዘን ይገባል ብለው ይጠይቁ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ ይያዙ። በዝርዝሩ ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሠሪውን ስምና ሙያ ይጻፉ። ይህ ጽሑፍ ከሞዴሉ ጥራት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮቹ የወዳጅና የጠላት አውሮፕላን እንዲለዩ ብሎ ተማሪዎች ከእንጨት 500,000 ሞዴሎች እንዲሠሩለት ጠይቆ ነበር። ምልክት የሌላቸው፣ ጥቁር የተቀቡ፣ የልጅ እጅ ሥራዎች ናቸው። በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ዛሬም የዚያ ዘመን መለያ ሞዴሎችን ይዟል፤ ለምን እንደተሠሩም ይታወቃል። ለወንድምዎ ይህንን ቢነግሩት አሮጌ ፕላስቲክ የሚለውን ቃል ደግሞ ሊያስብበት ይችላል።

የመጓጓዣው ቀን ሲደርስ ለሚያስቀሯቸው ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ካርቶን ይስጡ። የዲሲ 3 ክንፍ በ1/72 ልኬት (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ መጠን) 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል፣ ስለዚህ 45 የሚሆን ይፈልጉለት። ሞዴሉን በካርቶኑ ወለል ላይ አቁመው አካሉን ከክንፉ ሥር በለስላሳ የጥጥ ጥብጣብ ይሰሩት፤ ክንፉና ጭራው ምንም ሳይነካቸው አየር ላይ ይቅሩ። አረፋማው መጠቅለያ ላስቲክ ቀለሙ ላይ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል፣ ስፖንጅ ደግሞ ሲያረጅ ተፈርፍሮ ይጣበቃል፤ ሁለቱንም አይጠቀሙ። የወለቁትን ፕሮፔለሮችና ጎማዎች በፖስታ አድርገው የአውሮፕላኑን ስም ይጻፉበት፣ ፖስታውንም በዚያው ካርቶን ክዳን ላይ ከውስጥ ይለጥፉት። ካርቶኖቹን ከዕቃው ጋር ጭነት መኪና ላይ አያስጭኑ። ዲሲ 3ን ልጅዎ በጭኑ ይያዘው።