ከማሕፀን እስከ ምርኩዝ፦ ስለ ምግብ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ እንደ ተባባልነው የዛሬው ጉዳያችን ምግብ፣ ስኳር በሽታና ደም ግፊት ነው። ስትጠይቁ ዕድሜ ጻፉ። መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ እኔ በጻፍኩት ተነሥታችሁ አንዲት ክኒን እንዳታቋርጡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው።

የጎጃም ማር፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ምን ብንበላ ይሻላል?

ሲስተር፦ ለአራስ ነው ለአዛውንት? ዕድሜ ጻፉ አልኩ።

እጩ እናት፦ 27 ዓመቴ ነው፤ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «ልጁ ገዝፎ ምጥ እንዳይጠናብሽ ምግብ ቀንሺ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «የሁለት ሰው ብዪ» ትለኛለች። ማንን ልስማ?

ሲስተር፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ሁለቱንም በአክብሮት እለፊያቸው። በ1944 ማብቂያ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ እህል እንዳይገባ ከለከሉ። በክፉዎቹ ወራት ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ምግብ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ያኔ በማሕፀን የነበሩት ልጆች ጎልምሰው ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ደክሞ ተገኘ። ረሃቡ በመጀመሪያዎቹ ወራት የደረሰባቸው ደግሞ ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆኑ፤ እነዚህ ሲወለዱ ክብደታቸው ደህና ነበር፣ ልብ በዪ። ምግብ ሲያንስ ፅንሱ ለአንጎሉ ያደላና ቆሽትና ኩላሊት ይጎዳሉ። ኩላሊት ደግሞ ከተወለድን በኋላ አዲስ ማጣሪያ አያበቅልም።

ከወለድሽ በኋላም ነገሩ አያበቃም። በእንግሊዝ ስኳር እስከ 1953 በራሽን ነበር የሚታደለው። በ2024 የታተመ ጥናት ራሽኑ ከማብቃቱ በፊትና በኋላ የተወለዱትን አነጻጽሮ ነበር፤ በማሕፀንና በሕፃንነት ስኳር ያልበዛባቸው ሰዎች ኋላ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ አንቺ በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ብዪ፤ አይረንና ፎሊክ አሲዱን አትዝለዪ። ለሕፃኑ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ፤ ቅቤ ማዋጥ የለም፣ ውኃም የለም። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ገንፎው ውስጥ ስኳር እንዳይገባ።

እጩ እናት፦ ለአማቴ አነብላቸዋለሁ።

ሪያድ ያለሁ፦ ሽፈራው ስኳር በሽታን ያድናል ይባላል። 38 ዓመቴ ነው።

ሲስተር፦ ሽፈራው ደህና ቅጠል ነው። ስኳር በሽታን አያድንም። ክኒንህን እንዳታቋርጥ።

ሪያድ ያለሁ፦ በደም ዓይነት መመገብስ?

ሲስተር፦ መሠረት የለውም። ቀጣይ።

ቤርሼባ፦ 47 ዓመቴ ነው፤ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው ወደ እስራኤል የመጣነው። ወላጆቻችን ሲገቡ ስኳር በሽታ የሚባል አያውቁም ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

ጥቁር ጤፍ፦ እንጀራ ስለ ተዋችሁ ነዋ!

ቤርሼባ፦ ማን ተወ? እንጀራው አለ፤ ነጩ ዳቦና ለስላሳው ተጨመረበት እንጂ። እርሻው ቀርቶ መቀመጥም መጣ።

ጾመኛው፦ መድኃኒቱ ጾም ነው።

ጥቁር ጤፍ፦ ዘይቱ ላዩ ላይ በሚንሳፈፍ ሽሮ?

ጾመኛው፦ ወንድሜ፣ ጾምን አትንካ።

ሲስተር፦ በቃችሁ። ቤርሼባ ትክክል ነው፤ ነገሩ በጥናት ተመዝግቧል። ወገኖቻችን ብዙም ሳይወፍሩ ነው ስኳሩ የሚይዛቸው፤ ስለዚህ «ቀጭን ነኝ» ብላችሁ ከምርመራ አትቅሩ። ጤፍም ቢሆን ሲበዛ ስኳር ያወጣል። ጾሙን በተመለከተ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን እየወሰዳችሁ ረጅም ጾም የምትጾሙ ቫይታሚን ቢ12 አስመርምሩ። ክኒኑ ቫይታሚኑን ይቀንሳል፣ የጾም ምግብ ደግሞ የለውም። እግራችሁ ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኢንሱሊን የምትወጉ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ጾም አትጀምሩ።

የበኩር ልጅ፦ አባቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት ከልክለናቸዋል፤ አሁን ግን በጣም ከሱ።

ሲስተር፦ ማን ከልክሉ አላችሁ? በዚህ ዕድሜ የሚፈራው ጡንቻ መሟሸሹ ነው፤ አዛውንት የሚወድቀው በዚያ ነው። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ ዕንቁላሉን መልሱላቸው። መክሳታቸውን ግን ሐኪም ይየው፤ የስኳሩ መድኃኒት መጠንም እንደ ገና ይታይ። እናንተ ራሳችሁ አትቀንሱት።

የጎጃም ማር፦ ሲስተር፣ እና ምን ብንበላ ይሻላል?

ሲስተር፦ ዕድሜ!

የጎጃም ማር፦ 44። ግፊቴ 150 በ95 ነው አሉኝ።

ሲስተር፦ ከመጀመሪያው እንዲህ አትልም? አንተ የምትበላውን ሳይሆን ጨውህን ጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ስንት ሰው ናችሁ?

የጎጃም ማር፦ አምስት።

ሲስተር፦ ለወር 750 ግራም ማለት ነው፤ በርበሬው ውስጥ የገባውንና የዳቦውን ጨምሮ። አንድ ኪሎ ጨው በስንት ቀን ታልቃለች?

የጎጃም ማር፦ ባለቤቴን ልጠይቃት።

ሲስተር፦ አትጠይቃት። አዲስ ከረጢት ስትከፈት ቀኑን ላዩ ላይ ጻፍበት። ግፊትህን ደግሞ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደህ እንደ ገና አስለካ፤ ክኒን ካዘዘልህም «ጨው ቀንሻለሁ» ብለህ እንዳትተወው።