ዜማው ሮክ ሲሆን መዝሙሩ ይረክሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የቆዩ መዝሙሮችን በሀርድ ሮክ የሚጫወቱ ክርስቲያን ባንዶችን እሰማለሁ። ስሰማቸው እነቃቃለሁ፣ አንዳንዴም አለቅሳለሁ። እናቴ ግን «የአባቶችን መዝሙር አረከሱት፣ ይሄ የጋኔን ጩኸት ነው» አለችኝ። እኔም «የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር ራሱ ለመዝሙሩ ከመጠጥ ቤት ዜማ ወስዷል» አልኳትና ተኳረፍን። ኃጢአት እየሠራሁ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ የሉተርን ነገር ተወው። ይህን ወሬ ከስንት ወጣት እንደሰማሁት! ማስረጃ የለውም። «አምላካችን ጽኑ ግንብ ነው» የሚለውን መዝሙር ከመዝሙር 46 ተነሥቶ ጻፈው፤ ዜማውም የራሱ እንደሆነ ነው የሚታመነው። በጀርመን ዜማ ውስጥ «ባር» የሚባል አወቃቀር አለ፣ አንዱ ክፍል ሁለቴ ይዘመርና ሌላ ክፍል ይከተለዋል፤ ሰው ከመጠጥ ቤቱ ባር ጋር ሳያምታታው አልቀረም። ለእናትህ የምትሰጠው መልስ እውነት ይሁን።

ደግሞ እውነተኛው ታሪክ ከወሬው ይበልጣል። ስለ ጌታ የቆሰለ ራስ የሚዘመረውን የሕማማት መዝሙር ታውቀዋለህ። ዜማው ጀርመናዊው የዜማ ደራሲ ሃንስ ሌኦ ሃስለር በ1601 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግርህ) ያሳተመው የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ልቡ በአንዲት ልጅ ስለታወከ ሰው። ኋላ የመስቀሉ ቃል ገባበት፣ የዜማ ደራሲው ባኽም «የማቴዎስ ሕማማት» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ደጋግሞ ተጠቀመበት። ዛሬ ያንን ዜማ ሰምቶ ፍቅረኛውን የሚያስብ ማን አለ?

«አሜዚንግ ግሬስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ መዝሙርም ተመልከት። የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረውና ኋላ ቄስ የሆነው ጆን ኒውተን ቃሉን በ1772 መጨረሻ ጽፎ ጃንዋሪ 1 ቀን 1773 ለምእመናኑ አቀረበው። የተነሣው ዳዊት «እስከዚህ ያደረስኸኝ እኔ ማን ነኝ?» ካለበት፣ ከ1ኛ ዜና 17 ነው። ዛሬ «የአባቶች ዜማ» የምንለው ዜማ ከዚህ ቃል ጋር የታተመው ግን በ1835፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። ኒውተን በ1807 ሞቷል። እኛ አትንኩት የምንለውን ዜማ ከቃሉ ጋር ሳይሰማው ነው ያለፈው።

ስለዚህ ጊታር በራሱ ርኩስ ነው የሚለውን አልቀበልም። ከመጽሐፍም አላገኘሁትም፤ መዝሙር 150 እኮ ጸናጽሉን ጭምር ይጠራል። ግን ቆይ፣ ገና ደስ አይበልህ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ስሕተት የእናትህ አይደለም፣ ያንተ ነው። «እነቃቃለሁ፣ አለቅሳለሁ» ብለሃል። እሷ ጩኸቱን ሰምታ ጋኔን አለች፤ አንተ በዚያው ጩኸት ልብህ ሲመታ መንፈስ ቅዱስ ነው አልክ። ሁለታችሁም መንፈስን የምትፈልጉት ድምፁ ውስጥ ነው። ኃይለኛ ድራም የማያምነውንም ሰው ደረት ይመታል። ሥጋችን እንዲህ ነው የተሠራው፣ ነውርም የለበትም፤ ግን ስሙ ጸሎት አይደለም።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ይህን ሳይሸፍን ተናግሯል። ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዝማሬው ሲያንቀሳቅሰኝ በድያለሁ ይላል። ይህን ያለው በዝማሬ አልቅሶ ወደ እምነት የመጣ ሰው ነው። እንባውን አልናቀውም፣ ግን መረመረው።

አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ በኢርፎን ይሰማ ነበር። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ድራሙን ይመታል። ሲያበቃ አንዱን ጆሮ ተቀበልኩትና «ሁለተኛው አንቀጽ ምን ይላል?» አልኩት። ዝም አለ። ደግመን አብረን ሰማነው። ሁለተኛው አንቀጽ ጭራሽ የለም! ባንዱ አራት አንቀጽ ከነበረው መዝሙር አንዱን ዘልሎ፣ የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሞ፣ ቀሪውን ሰዓት ለጊታሩ ሰጥቶታል። ልጁ ለዓመታት የወደደው መዝሙር ስለ ኃጢአት ይቅርታ የሚናገረውን ክፍል አንድም ቀን አልሰማውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው እንጂ የጊታሩ መጮህ አይደለም።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ በመንፈስ እዘምራለሁ፣ በአእምሮም እዘምራለሁ ይላል። መለከት ድምፁ ካልተለየ ማን ለጦርነት ይዘጋጃል? የምትለውን የማያውቅ ሰውስ እንዴት አሜን ይላል? የሚሰማው ሰው አሜን ያለው ለየትኛው ቃል እንደሆነ ማወቅ አለበት።

በግሌ የምወደውም የማልወደውም አለ። የሉተሩ መዝሙር ከባድ ጊታር ይችላል። መዝሙር 46 ራሱ ምድር ስትነዋወጥ፣ ውኆች ሲጮኹ ያሳያል፤ ለስላሳ ፒያኖ ያንን ሁሌም አይሸከመውም። ግን ያው መዝሙር መጨረሻው አካባቢ «ዕረፉ፣ እኔም አምላክ እንደ ሆንሁ እወቁ» ይላል። ባንዱ እዚያ ሲደርስ ዝም ማለት ካልቻለ መዝሙሩን ግማሽ ነው የተረዳው። በመስቀሉ ሥር የሚዘመረውን ልመና በጩኸት ሲሞሉት ደግሞ ይከብደኛል። ይህ ግን የእኔ ጆሮ ነው፤ በሌላው ሕሊና ላይ ሕግ አላደርገውም።

ኃጢአት እየሠራሁ ነው ወይ ላልከው፦ በመስማትህ አይደለም። እናትህን በማሳዘንህ ግን ይቅርታ ጠይቅ። ሮሜ 14 ወንድምህን በመብል ምክንያት አታሳዝነው ካለ፣ እናትህን በድምፅ ማጉያ ማሳዘን አይቀልም። እሷ ባለችበት ዝቅ አድርገው ወይም አጥፋው፤ መብትህን አታስላ።

ከዚያ አንድ ነገር አድርግልኝ። ከምትወዳቸው አንዱን መዝሙር ምረጥ፣ ሙሉ ቃሉን ፈልገህ በእጅህ በወረቀት ጻፈው። ስልኩን አስቀምጥና ከእናትህ ጋር ቁጭ ብለህ አንብብላት። እሷ በምታውቀው ዜማ እንድትዘምርልህም ለምናት፤ አንተም ከጎኗ ሆነህ ተቀበላት። ባንዱ የዘለለው አንቀጽ የቱ እንደሆነ ስታገኘው ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።