መልስ፦ ሳተላይት እያለ አውሮፕላን ምን ይሠራል?

ወንድሜ፣ «ሳተላይቱ ሰማዩን ሞልቶት እያለ ምድርን በአውሮፕላን እየዞሩ ማንሳት ለምን?» ላልከው፣ በአውሮፕላን ላይ የሚጫነውን የናሳ መሣሪያ፣ ኤቪሪስን ልንገርህ። ተራ ካሜራ እንዳይመስልህ። የስልክህ ካሜራ ብርሃንን በሦስት ቀለም ይከፍላል፣ ይሄኛው ግን በ224፣ ያውም ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨምሮ። ውስጡ ያለው መስታወት በሰከንድ 12 ጊዜ መሬቱን ከጎን ወደ ጎን ይጠርጋል፣ አውሮፕላኑ ወደፊት በሄደ ቁጥር መስመር በመስመር ላይ እየተደረበ ምስል ይሆናል። መጥረጊያ በለው።

ይሄ ሁሉ ቀለም ለምን? እያንዳንዱ ማዕድን የሚውጠው የራሱ የብርሃን ቀለም አለው፣ ልክ እንደ ጣት አሻራ፤ በዚያ ይለያል።

አውሮፕላኑ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ኢአር-2 በሚባለው የናሳ አውሮፕላን ላይ ተጭኖ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲበር አንዷ ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) መሬት ላይ 20 ሜትር ገደማ ትሸፍናለች፤ ዝቅ ብላ በምትበረው ትንሽ አውሮፕላን፣ ትዊን ኦተር ላይ ሲጫን ግን ጥቂት ሜትር ብቻ። ሳተላይትን ዝቅ በል ብትለው አይሰማህም! የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች በወደቁ በአምስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2001 እ.ኤ.አ.፣ ኤቪሪስ በላያቸው በረረ። ፍርስራሹ ውስጥ ገና የሚነደው የቱ ጋ እንደሆነ አሳየ፤ አቧራው ውስጥ አስቤስቶስ የሚባለውን ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ለመፈለግም ያው መረጃ አገለገለ።

ጣጣ የለውም እያልኩህ አይደለም። ነዳጅ አለ፣ ፓይለት አለ፣ ደመና ከመጣ ቀኑ ተበላ፤ ነፋስ አውሮፕላኑን ሲንጠው ደግሞ ምስሉ ይጣመምና ማቃናቱ ሌላ ሥራ ነው። ሰፊ አገር በየሳምንቱ ማየት ከሆነ የፈለግከው፣ ሳተላይቱ ያዋጣሃል።