ዘረመል «ተገለጸ» ወይስ «ተገለጠ»?

አንድ የባዮሎጂ መምህር ጠይቀውኛል። ዘረመል (ጂን) ተነብቦ ሥራ ላይ መዋሉን ለመናገር «ዘረመሉ በአንጀት ሕዋስ ውስጥ ተገለጸ» ብለው ሲጽፉ ተማሪዎቻቸው «ማን አብራራው?» እያሉ ይስቃሉ። «በራ» እና «ጠፋ» ብል አይሻልም ወይ? ይላሉ።

አይሻልም! «ጠፋ» ጣጣ አለው። መብራትም ይጠፋል፣ በግም ይጠፋል። ዘረመል ደግሞ ጭራሹን ተቆርጦ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ወተት የማይስማማው ጎልማሳ ግን ላክቴዝ የሚባለውን የወተት ስኳር ፈጪ ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል አልጠፋበትም። ያው በሕፃንነቱ የነበረው ነው፤ ሥራው ነው የቀነሰው። ወተት የሚስማማቸው አብዛኞቹ አውሮፓውያንም ልዩነታቸው ዘረመሉ ላይ አይደለም። ወደ 14 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ርቆ፣ ጎረቤት ዘረመል ውስጥ የተቀመጠ መቆጣጠሪያ ላይ ነው።

የእኔ ምርጫ በ«ጠ» ነው፦ «ተገለጠ»። «ጸ» በአማርኛ አፍ «ጠ» መሆን ይወዳል። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል። እነዚህ ድምፅ እንጂ ትርጉም አልለወጡም። ገለጸና ገለጠ ግን ሥራ ተከፋፈሉ። ሐሳብ ይገለጻል፤ መጽሐፍና ክዳን ይገለጣል። ዛፍ የማይሸፍነው ገላጣ ሜዳም የዚሁ ዘመድ ነው። ኑክሊየስ ባላቸው ሕዋሳት የሚሆነውስ ምንድን ነው? ዲኤንኤው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል፤ በአንዱ ጥቅል ወደ 147 ጥንድ ፊደላት። ጥቅሉ ከጠበቀ አንባቢው ኢንዛይም አይደርስበትም። ሂስቶኖቹ ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ሲለጠፍ ጥቅሉ ይላላል፣ ዘረመሉ ይገለጣል፣ ከዚያ ይነበባል።

«መልአክም እኮ ተገለጸ ይባላል፤ ልዩነቱን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት» የሚሉኝ አሉ። መልአኩ በሁለቱም ፊደል ይጻፋል፣ አልክድም። የእኔ ቃል የሚይዘው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ መሆኑም እውነት ነው። ከተነበበ በኋላ የዘረመሉ ቅጂ፣ አርኤንኤው፣ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፤ ፕሮቲን ሳይሠራበት ፈርሶም ሊቀር ይችላል። «ተገለጸ» ደግሞ በጽሑፍ ሥር ሰዷል። ይሁን፤ ጆሮዬ ግን አሁንም እምቢ ይላል።

የዘረመል «ቁጥጥር» የሚለውንም አልወደውም፤ ፍተሻ ፍተሻ ይሸተኛል። ሕዋሱ የሚወስነው መሥራት አለመሥራትን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚሠራም ነው። «ምጣኔ» ይህን ይይዛል። ለፈተናው የለመዱትን «ቁጥጥር» ይጻፉ፤ ሰሌዳው ላይ ግን «ምጣኔ»ን ቢሞክሩልኝ ደስ ይለኛል።