ምልክቱ መጣ፣ ሰውየው ግን ጠፋ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው። አንድ ቡና የሚነግድ ወንድም አለ። አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፍልኛል፤ «እግዚአብሔር ከፈቀደ ሽማግሌ እልካለሁ» ይላል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ድምፁ ይጠፋል። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀድሞ ሰላም ካለኝ ፈቃድህ ነው» ብዬ ጸለይኩ። ሰላም አለኝ። ግን መልሶ ጠፋ። እግዚአብሔር እየፈተነኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ብዙ እኅቶች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ላይ ግን ልቆይ። ሰውየው ሲጠፋ «ፈተና ነው»፣ ብቅ ሲል «ምልክት ነው» ትላላችሁ። እግዚአብሔር እኮ አልጠፋብሽም። የጠፋው ሰውየው ነው።

ምልክት የሚለምኑ ሰዎች ዘፍጥረት 24ን ይጠቅሱልኛል። ለጌታው ልጅ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው የአብርሃም ሎሌ ውኃው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ «ለእኔም ለግመሎቼም የምታጠጣው እሷ ትሁን» ብሎ ለመነ፤ ርብቃም አጠጣች። ብዙ ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ያቆማል። አንቺ ወረድ በዪ። ሎሌው ቤት ገብቶ ማዕድ ሲቀርብለት «ነገሬን ሳልናገር አልበላም» አለ። ማን እንደ ላከው፣ ለምን እንደ መጣ በቤተ ሰቧ ፊት አንድ በአንድ ተናገረ። እሺታቸውን ወይም እምቢታቸውን እንዲነግሩት ጠየቀ። ርብቃንም ራሷን ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽ?» አሏት፤ «እሄዳለሁ» አለች። ያ ሁሉ ምልክት እያለ እንኳ ነገሩ በግልጽ ተነገረ።

አንቺ ጋ ግን ንግግሩ የለም። ለሰላምታውማ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰላም የማይባባል ማን አለ?

ልጁን ክፉ አልልም። በለቀማ ወቅት የቡና ነጋዴ ፋታ እንደሌለው እዚህ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሌሊት ለመጻፍ ጊዜ ያገኘ ሰው «እስከ ጥር ታገሺኝ» ለማለት ጊዜ አያጣም። በእግዚአብሔር ስም ተስፋ እየሰጡ ሰውን ማንጠልጠል ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ብሏል (ማቴ. 5፥37)።

ስለዚህ ሌላ ምልክት አትለምኚ። በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ አግኝተሽ «ሐሳብህ ትዳር ከሆነ ሽማግሌ መቼ ትልካለህ?» በዪው። ለሴት ልጅ ነውር ነው የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ነውር የለውም። ቀን ከቆረጠ ለቤተ ሰብሽና ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ነገሩን ካድበሰበሰ ግን ሌሊት ለሚመጣው «ናፈቅሽኝ» መልስ አትስጪ። ይህ ከከበደሽ እሑድ ከጉባኤው በኋላ ከእናትሽ ጋር ነይ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።